302ን እጠብቃለሁ

ተራ ቁጥር 100

ሐረር፣ ፈላና በር
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባርኮት፣

በሰው አገር ያለሽ ልጄ፣ እግርሽን ከመሰናክል፣ ዓይንሽን ከእንባ ይጠብቅልኝ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬም የሚብስበት ነገር የለም፣ ቀድሞ አልቋል።

የላክሽልኝ መጽሐፍ ደርሶኝ ክረምቱን ሙሉ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ አነበብሁት። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚላላኩበትን፣ ቲሲፒ የሚሉትን ሥርዓት የሚያስረዳውን ምዕራፍ አራት ጊዜ ተመላለስሁበት። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ሠላሳ አንድ ዓመት ቴሌግራም ቤት ቁልፍ የመታሁ ሰው ነኝና ነገሩ አላደናገረኝም።

በሩ ሥር ስልክ የሚጠግነው አንዋር ባለፈው «አባባ፣ ቴሌግራም አለዎት?» አለኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረኝ» አልሁት። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ስልክ ላይ ያለውን ማለቱ እንደሆነ ኋላ ነገሩኝ። ስለ መስመሩ ላስረዳው ብጀምር «ተዉት አባባ፣ አሁን ሁሉም በራሱ ይሄዳል» አለኝ። በራሱ የሚሄድ ነገር የለም። ስለዚህ መልእክት እንዴት እንደሚደርስ በአማርኛ ደብተር ላይ እየጻፍሁ ነው። ሥራሽ ነውና ስሳሳት ታርሚኛለሽ።

ከእንግዲህ የእኛም ደብዳቤ በዚያው ሥርዓት ይሁን። ዐምና በራስሽ ፈቃድ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ መንገድ ላይ ቀርቶ ነገሩ ተምታቶብኛል። ተራ ቁጥር ይኑረው። ከአንድ አንጀምርም፤ ከአንድ የጀመረ ከድሮው ጋር ይቀላቀላል ይላል መጽሐፉ፣ እኔም ከድሮው ጋር የሚቀላቀል ነገር አልፈልግም። የእኔ ከ100 ይነሣል፤ ያንቺን መነሻ ንገሪኝ። እኔም መስማቴን እነግርሻለሁ። ይህ ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ነገር አይጀመርም።

በግርጌ የደረሰሽን ሳይሆን ቀጥሎ የምትጠብቂውን ቁጥር ጻፊ። «101ን እጠብቃለሁ» ካልሽ እስከ 100 ያለው ሁሉ መድረሱን በዚያው አወቅሁ። ሰላምታና ስንብት ሳይጨመር አንቀጾችሽን ቆጥረሽ ልኩን አስቀምጪ፤ ካልገጠመ የጎደለ አለ ማለት ነው። በሁለት ወር መልስ ያጣ ያንኑ ደግሞ ይላክ። ለዚህም ቅጂ ይያዝ።

ስልክ አታንሺብኝ። በጆሮዬ የሚገባው እንደ አሸዋ ነው፤ በብርቱካን አፍ የሚመጣውንም አልቀበልም። ብርቱካን ደግ ጎረቤት ናት፣ ግን አንድ ሰምታ ሦስት ትናገራለች።

ወጥተሽ በሰላም ግቢ።
አጎትሽ እንደሻው ወልደሚካኤል

*አንቀጽ፦ 5*

ተራ ቁጥር 300

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ እንደሻው፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ብርዱ ሳይነካዎት፣ ደብተርዎ ሳይጎድልብዎት እንዲቆዩልኝ እመኛለሁ።

100 ደርሶኛል። የእኔ ከ300 ይነሣል። ሥራ ቦታ ለአለቃዬ «ሐረር ያለው አጎቴ መስመር በፖስታ እየከፈተ ነው» ብዬ ነገርኩት። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለኝ። «ሁለት ወር» አልኩት። «ከእኛ የሦስተኛው መጋዘን መስመር ይሻላል» አለ።

መጽሐፉ ውስጥ የመቀበያ መስኮት የሚለውን በደንብ ይዩት። ተቀባዩ በየመልሱ «ከዚህ በኋላ ይህን ያህል መያዝ እችላለሁ» ይላል፤ ላኪው ከዚያ አያልፍም። ፈጣን ላኪ ቀርፋፋ ተቀባይን የማያጥለቀልቀው በዚህ ነው። የእርስዎ መስኮት ስንት ነው? ዓይንዎ በአንድ ጊዜ ስንት ገጽ ይችላል?

እኔ ወደቡ ላይ ከመጋዘን መጋዘን እየዞርኩ የኮምፒውተር መስመር ገመድ እፈትሻለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ አባዬና እኔ ብቻ ነን።

ፖስታው ላይ «ለባርኮት» ብቻ ብለው የአባቴን ስም አለመጻፍዎን ፖስተኛው አያስተውልም። አባዬ ግን አየው። ደብዳቤውን ሳነብ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰላም በይልኝ አላለም፤ ግን አልሄደም።

በጤና ያቆዩልኝ፤
ልጅዎ ባርኮት

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 101። አንቀጽ፦ 5*

ተራ ቁጥር 101

ሐረር፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባርኮት፣

የያዝሽው ሥራ ይቃናልሽ፤ ከብርዱ አገር ክፉ አይንካሽ።

300 ደርሶኛል፤ መስመሩ ተከፍቷል። ግን አምስት አንቀጽ ብለሽ ያለው አራት ነው። የሁለተኛው ገጽ ግርጌ በመቀስ ተቆርጧል። ልኩ ያልገጠመውን ጣለው ይላል መጽሐፉ። አልጣልሁትም፤ ስለ ማን እንደሆነም አውቃለሁ።

ፈጣን ላኪና ቀርፋፋ ተቀባይ ያልሽውን እኛ እናውቀው ነበር። ድሬዳዋ ጣቢያ አብዱልፈታ የሚባል ሰው ነበር፤ እጁ እንደ ዶፍ ዝናብ ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ እየጻፍሁ አልደርስበትም። «ቆይ» የሚለውን ምልክት መታሁለት። ቆመና «ተኛህ እንዴ ሐረር?» ብሎ መታልኝ። «አንተ እጅህን አሳርፍ፣ ድሬ» አልሁት። ከዚያ በኋላ ስንት ቃል እንደምችል አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ያን ያህል መትቶ ይጠብቀኛል። ሠላሳ ዓመት ስንሰዳደብ አንድ ቃል አልጠፋብንም። ዛሬም ውሃ በወር ሁለት ጊዜ ሲመጣ ብርቱካን ቧንቧው ላይ፣ እኔ ጀሪካኑ ላይ እንቆማለን። ሊሞላ ሲል እጄን አነሣለሁ፣ ትዘጋለች። ጥያቄው የቧንቧው ጉልበት ሳይሆን ጀሪካኑ የሚይዘው ነው።

የእኔ መስኮት ሁለት ገጽ ነው፤ እሱም ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ሳለች።

ስለ አባትሽ ግን መስኮቴ ዜሮ ነው። ምክንያቱን አንድ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አልደግመውም። እናታችን ለተማርያም ጥር 3 ቀን 1994 ስትወድቅ ጅቡቲ ወደነበረው አባትሽ በዚሁ እጄ ቴሌግራም መታሁ። ሰባት ቃል ነው፦ «እናታችን በጠና ታማለች ቶሎ ድረስ ወንድምህ እንደሻው»። አሥራ አንድ ቀን በሩን እያየች ጠበቀችው። ጥር 14 አረፈች። የመጣ የለም፣ የመለሰም የለም።

ከስምንት ወር በኋላ ደብዳቤ ላከ። ለቴሌግራሙ መልስ ሳይሰጥ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል? ሳልከፍተው መለስሁት። አንቺ ያን ጊዜ የተደረገውን አታውቂም፣ ጥፋትም የለብሽም። ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ቸር ያሰንብትሽ።
አጎትሽ እንደሻው

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 301። አንቀጽ፦ 5*

ተራ ቁጥር 301

ሮተርዳም፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

ለመጪው ጥምቀት እንኳን በጤና አደረስዎ። ዘንድሮም ታቦቱን በእግርዎ ይሸኙ።

መስኮት ዜሮ ሲባል ላኪው ያቆማል፤ ግን ለዘላለም ዝም አይልም። በየጊዜው አንዲት ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ «ተከፈተ?» ብሎ። ለምን መሰለዎት? ተቀባዩ መስኮቱን ከፍቶ፣ «ከፍቻለሁ» ያለበት ቃል መንገድ ላይ ቢጠፋስ? አንዱ «ይላክልኛል» ብሎ፣ ሌላው «ይከፈትልኛል» ብሎ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ይጠብቃሉ፣ የሚንቀሳቀስ የለም። መጽሐፍዎ ይህን በአንድ መስመር አልፎታል፤ ደብተርዎ ግን እንዳያልፈው።

ስለዚህ እጠይቃለሁ፦ ተከፈተ?

ሌላም የምጠይቀው አለኝ፤ በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ያ ቴሌግራም መልስ ሲያጣ ደግመው ላኩት?

የቆረጥኩት አንቀጽ ስለ አባዬ ሳል ነበር። «ቁረጪው፣ ሊያሳዝነኝ ፈልጎ ነው ይላል» አለኝ። ቁጥሩን ማስተካከል ረሳሁ።

ያክብርልኝ፤
ባርኮት

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 102። አንቀጽ፦ 4*

ተራ ቁጥር 102

ሐረር፣ የካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባርኮት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

301 ከደረሰኝ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። ዓይኔ አይደለም ያዘገየኝ።

አልደገምሁም። ለምን እደግማለሁ? የመታሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው እጅ አልገባበትም። ድሬዳዋ ተቀብሎ ቁጥሩን መልሶ አንብቦልኛል። በሠላሳ አንድ ዓመት ከእጄ የወጣ መልእክት ጠፋ ብሎ የከሰሰኝ የለም። የእናቴ ቴሌግራም ነው የሚጠፋው?

ቢሆንም ጥያቄሽ ሥርዓቱን የጠበቀ ስለሆነ ለአንድ ደብዳቤ መስኮት ከፍቻለሁ። 302 ብለሽ ጻፊው። አባትሽ የሚለው ካለው እሱ ውስጥ ይግባ፣ ከመጀመሪያው ይጀምር። ከዚያ የሚቀጥለው ቀድሞ ቢመጣ ሳይከፈት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የፊቱ ሳይነበብ የኋላው አይነበብም። ይህን ያልሁት ከግትርነት አይደለም። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ያደርጋል፤ የጎደለው እስኪመጣ የደረሰውን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ለባለቤቱ አያስረክብም።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።
እንደሻው

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 302። አንቀጽ፦ 3*

ተራ ቁጥር 302

ሮተርዳም፣ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ እንደሻው፣

መስኮቱን ስለከፈቱልኝ እጅዎን እስማለሁ።

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ቡሽራ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ለእህቱ ሠርግ እየመጣ ነው፤ ለእርስዎ ከገዛሁት ሹራብ ጋር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ወር መጠበቅ ስለማልችል ነው።

አባዬ ታሟል። ሳንባው ነው። ሐኪሞቹ ቀን አልቆረጡም፤ ግን ስለ መስከረም ሳነሣባቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ቴሌግራሙ ጅቡቲ ደርሷል፤ አልጠፋም። የደረሰው ግን አባዬ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በለቀቀው ቤት ነው። እሱ ታጁራ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። አከራይዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በነሐሴ ወር አንድ የሐረር ሰው ገበያ መሐል አግኝቶት «እናትህን ነፍስ ይማር» አለው። የሰማ መስሎት ነበር። አባዬ እዚያው ቲማቲም መሐል ቁጭ አለ።

ከዚያ የጻፈልዎ ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። እስካሁን አለው። ከአገር አገር ስንዞር ሌላው ዕቃ ሲጣል እሱ አልተጣለም። ምን እንዳለበት ጠየቅኩት፤ «የጋሼ ነው፣ እሱ ይክፈተው» ይለኛል። በስልክ ለብርቱካን ልንገራት ብለውም እምቢ አለኝ። «በሰው አፍ ከሰማ ለሰው ብሎ ነው የሚመልሰው። ለእኔ ብሎ ይመልስ» አለ።

ይቅር ይበሉት አልልም። እሱም አላለም። የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ «ደርሶኛል» ይበሉት። ሌላ ምንም አይጻፉ።

ልጅዎ ባርኮት

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 103። አንቀጽ፦ 5*

ተራ ቁጥር 303

ሮተርዳም፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሳይታመሙ እንደሆነ ዝም ያሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቡሽራ ዕቃውን ለብርቱካን ማስረከቡን ነግሮኛል፤ ስለዚህ 302ን አንብበዋል ብዬ ነው የምጽፈው። መልስ ያጣ ላኪ መንገዱን እንዳያጨናንቅ የሚጠብቀውን ጊዜ በየጊዜው በእጥፍ ያስረዝማል፤ እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው። አሁን ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ቀጥሎ አራት ወር መጠበቅ ነበረብኝ። አባዬ አራት ወር የለውም።

ሆስፒታል ከገባ አሥር ቀኑ ነው። በየጠዋቱ ካፖርቴን ሳላወልቅ «መጣ?» ይለኛል። አልመጣም እላለሁ። «ፖስታ ነዋ» ይላል። ትናንት ግን «ጋሼ ሲቆጣ እንኳ መልስ ይሰጥ ነበር» አለ።

ይቆጡበት፣ ይስደቡት፣ ግን ይጻፉ። ዝምታዎን ምን ብዬ ላንብብለት?

ባርኮት

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 103። አንቀጽ፦ 3*

ተራ ቁጥር 103

ሐረር፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባርኮት፣

ሰላምሽ ይብዛ።

ዛሬ 303 የሚል ፖስታ ደርሶኛል። 302 አልደረሰም። ስለዚህ አልከፈትሁትም፤ የቴሌግራም ቁልፌን በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከአልጋዬ ሥር አለ። በሚያዝያ በአንድ ሰው እጅ ሹራብ መጥቷል። ሹራብ ቁጥር የለውም፤ መልስ አልጻፍሁበትም። ልኩ ግን ልክ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ብርቱካን ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ባርኮት ናት፣ መልስ ይጻፉ እያለች ነው» አለችኝ፤ ከአፏ አነበብሁ። «የምን መልስ?» አልኋት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ደብዳቤ ነው መሰል፣ እያለቀሰች ነው» አለች። «302ን ትላክ በያት» አልሁ። «አቶ እንደሻው፣ የሰው ልጅ ነዎት ወይስ በር?» ብላ ያልሁትን ሳትነግርሽ ስልኩን ዘግታ ሄደች። አንቺን ማን አስለቀሰሽ? አባትሽ ከሆነ በ302 ይጻፍ።

302ን እጠብቃለሁ።

እንደሻው

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 302። አንቀጽ፦ 3*

ካርድ

ሰኔ 27። 302ን እጠብቃለሁ። እንደሻው

ካርድ

ሐምሌ 4። 302ን እጠብቃለሁ። እንደሻው

ካርድ

ሐምሌ 11። 302ን እጠብቃለሁ። ተቀባይ ያንኑ ቁጥር ሦስት ጊዜ ከደጋገመ ላኪው ቀኑን ሳይጠብቅ ወዲያው ይድገም ይላል መጽሐፉ። ይህ ሦስተኛው ነው። እንደሻው

ተራ ቁጥር 302፣ ሁለተኛ ጊዜ የተላከ

ሮተርዳም፣ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቤት ከገባሁ አምስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሆስፒታል ወንበር ላይ ነው የማድረው። ዛሬ ልብስ ልቀይር ብመጣ ደብዳቤዎንና ካርዶችዎን በሩ ሥር አገኘኋቸው። አንብበው እንዳልጨከኑ አሁን ገባኝ። ለካ አላነበቡም።

ቡሽራ ጋ ሮጥኩ። ለሠርጉ የለበሰው ኮት ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ 302 ከውስጥ ኪሱ ወጣ። ሄዶ ተመልሷል። ቡሽራ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

ቅጂው ከዚህ ጋር አለ፤ በስልክ እንዳልነግርዎ አባዬ ከልክሎኛል። ሲደርስዎ ቀኑን አይዩ።

ባርኮት

ተራ ቁጥር 104

ሐረር፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባርኮት፣

ልጄ፣ መጽናናቱን ይስጥሽ።

ነሐሴ 2 ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ማንኳኳቱን አልሰማሁም፤ ሳንቃው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የእድራችን ሰብሳቢ ናትናኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል፤ ጎረቤቴ ኢብራሂም ከኋላቸው ነው። በዚያ ሰዓት አራት ሰው ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ናትናኤል ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ተናገረ። አልሰማሁም። ደገመ። «ጮክ በል» አልሁት። መርዶ ተጮኾ አይነገርም፤ መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ኢብራሂም ከኪሱ የውሃ ክፍያ ወረቀት አውጥቶ በጀርባው ጻፈና ሰጠኝ። «ወንድምህ ኡራኤል አርፏል። አላህ ያጽናህ።» ተራ ቁጥር አልነበረውም። ተቀበልሁት።

ሰዎቹ ተቀምጠው ሳሉ ሣጥኑን አውጥቼ 303ን ከፈትሁ። «በየጠዋቱ መጣ ይለኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ናትናኤል ወረቀቱን ሊወስድብኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ሦስት አንቀጽ ነው፣ ልኩ ገጥሟል። ከሰኔ ጀምሮ ከተኛሁበት በታች አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

302 የደረሰኝ ነሐሴ 16 ነው። አምስት አንቀጽ፣ አንድም አልጎደለ።

የቴሌግራሙን ቅጂ አወጣሁት። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሰባቱ ቃል አለ። ሁለተኛ የተላከበት ምልክት የለም። የሌላ ሰው ቴሌግራም መልስ ሲያጣ ጣቢያውን እጠይቅ ነበር፣ አድራሻውን አስጣራ ነበር፣ ደግሜ እመታ ነበር፤ ሥራዬ ነበርና። የራሴን አንድ ጊዜ መታሁ፤ ዝም ስባል በሰውየው ላይ ፈረድሁ። መንገዱን አልጠረጠርሁም፤ መንገዱ የእኔ ነበርና። ከዚያም እሱ በእጁ የጻፈውን ሳልከፍት መለስሁ። ዘንድሮም ያንኑ አደረግሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ መጽሐፍ ጠቅሼ።

ደርሶኛል።

እንደሻው

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 304። አንቀጽ፦ 5*

ተራ ቁጥር 304

ሮተርዳም፣ ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ እንደሻው፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። አብረን ሆነን ማልቀስ ነበረብን።

አባዬ ሐምሌ 29 ጠዋት ነው ያረፈው። ለብርቱካን ደውዬ ሽማግሌዎች ይንገሯቸው ያልኳት እኔ ነኝ። እዚሁ ቀበርነው፤ ሰው አልጎደለም፣ ከሐረር በኩል ያለን ግን እኔንና ቡሽራን ጨምሮ ሦስት ብቻ ነበርን።

አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ከእኔ እንዲሰሙት ነው የምጽፈው። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ እንደ ልማዱ «መጣ?» አለኝ። «መጣ» አልኩት። «ምን ይላል?» «ደርሶኛል ይላል።» ዓይኑን ጨፍኖ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። እርስዎን ያውቃላ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ 103 ነበር፤ «104» አልኩት። «ቁጥር ካለው የጋሼ ነው» አለ። ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

በእኛ ሥራ ያልደረሰን ደርሷል ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። የጠፋው ላይደገም፣ ላኪው ተማምኖ ቅጂውን ይጥላል። እኔ ያንን ነው ያደረግኩት። ይቆጡኝ።

ያ የተመለሰው ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። አባዬ አልከፈተውም፣ እኔም አልከፈትኩትም። የእርስዎ ነው።

ባርኮት

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 104። አንቀጽ፦ 4*

ተራ ቁጥር 105

ሐረር፣ ፈላና በር
መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባርኮት ኡራኤል፣

አዲሱ ዓመት ካለፈው ይሻልሽ፤ ዕድሜሽን ከአባትሽ ያስበልጠው።

304ና ውስጡ ያለው ፖስታ ደርሰውኛል። በቀይ እስክሪብቶ «ለላኪው ይመለስ» የሚለው የእኔ ጽሕፈት ነው። በዚያ እጅ ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ብዬ ብዙ አየሁት። ከዚያ በቢላ ቀስ ብዬ ከፈትሁት።

አጭር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የእናታችንን ሞት ገና አሁን ሰማሁ። ቁጣህን አውቀዋለሁ፣ በኋላ ትቆጣኛለህ። ነሐሴ 10 ቀን ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች። አባታችን የለም፣ ስም አውጪዋ አንተ ነህ። ክርስትና የምትነሣው ጥቅምት 25 ነው። እስከዚያ ስም አልሰጣትም፣ እጠብቅሃለሁ።» ይኸው ነው። ስለ ቴሌግራሙ ሰበብ አልደረደረም። ሰማንያ ቀን ስም ሳይኖርሽ ተኝተሽ ነበር፤ ስምሽ የተጠየቀበት ፖስታ ደግሞ በእኔ እጅ ወደ ኋላ እየተጓዘ ነበር።

104 ያልሽው ያን ዕለት ሐሰት ነበር። አሁን አይደለም፤ ከእኔ የወጣው 104 ያንኑ ቃል ይዟል፣ እስካሁን ደርሶሻል። የማይገጥመው ቀኑ ብቻ ነው። ለቀኑ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አንቺ ላይ የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ያን ቀን ብከፍተው በእናታችን ስም ለተማርያም እልሽ ነበር። ባርኮት መልካም ስም ነው፤ ወረቀትሽን አትለውጪ። የተጠየቅሁትን ግን መመለስ አለብኝ፤ መልሱ ይኸው ነው።

የዚህን ደብዳቤ ሁለት ቅጂ በሁለት ፖስታ ልኬአለሁ። አንድ ዓይነት ሁለት ከደረሰ አንዱን ጣል ይላል መጽሐፉ። አትጣይው። እሱ የተኛበት ወስደሽ አስቀምጪለት፤ ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልይው።

305ን እጠብቃለሁ። በሁለት ወር ካልደረሰኝ ፖስታ ቤቱን እጠይቃለሁ፣ አድራሻሽን አስጣራለሁ፣ ይህንኑ ደግሜ እልካለሁ። ያኔም ዝም ካልሽ ደግሜ።

አጎትሽ እንደሻው ወልደሚካኤል

*ቀጥሎ የምጠብቀው፦ 305። አንቀጽ፦ 6*